እረኛው ያለውን አታርሙት

ለሰሜን ሸዋ የባህል ሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣
ለአማርኛ መምህራን፣
የባህል ቀን አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ለተቀመጣችሁ ሁሉ

ግልባጭ፦ ለቅሶ ለማይቀረው ላገሬ ሰው

ጉዳዩ፦ ግጥም ስለ ማረም

እንደምን ከረማችሁ?

ማመልከቻ መጻፍ አይሆንልኝም። ሃያ ምናምን ዓመት አማርኛ አስተምሬ፣ «ጉዳዩ» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ አሁንም እጄ ይቆማል። ስለዚህ ይህን እንደ ማመልከቻ ሳይሆን እንደ ጨዋታ አንብቡልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ የባህል ቀን ተዘጋጀና የግጥም ገምጋሚ ሆኜ ተጠራሁ። ወረዳውን አልጠራም። ገምጋሚ ማለት ምሳ በልቶ፣ አበል ፈርሞ፣ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ቢስተካከል» የሚል ሰው ነው። ልምምድ ላይ አምስት ገበሬዎች የደቦ ዘፈን ይዘው መጡ። አውራጁ ቀጠን ያለ ሰው ነው። ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠምጥሟል። ማጭድ የያዘ ይመስል ጎንበስ ቀና እያለ ጀመረ። ሦስት አራት ግጥም ካለ በኋላ ይቺን ጣል አደረጋት፦

ማዳበሪያስ አለኝ፣ ጓዳዬ የቆየ፣
የሚሞላው እንጂ፣ ከላይ የዘገየ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከጎኔ የተቀመጠው የኮሚቴው ጸሐፊ አልሳቀም።

እርሻ ለማያውቅ ትንሽ ላፍታታው። ማዳበሪያ ሁለት ነገር ነው። አንዱ መሬቱ ላይ የሚበተነው ነው። ሁለተኛው ያ ከተበተነ በኋላ የሚቀረው ከረጢት ነው። እህል እንከትበታለን፣ ዝናብ ሲመጣ ራሳችን ላይ እንደፋዋለን፣ ልጅ ደብተር ይይዝበታል። ሰውየው «አለኝ» ያለው የትኛውን ነው? «ከላይ» የሚለውም እንደዚያው ነው። ዝናብ ከላይ ይመጣል። መመሪያም ከላይ ይመጣል። ኮታም ከላይ ነው።

ከምሳ በኋላ ስብሰባ ተቀመጥን። «‹ከላይ› ያለው ማንን ነው?» ተባለ። «እግዜርን ነው፤ ዝናቡን ማለቱ ነው» አለ አንዱ። «ታዲያ ለምን ዝናብ አይልም?» አለ ሌላው። አንድ ሰዓት ሙሉ በአንዲት ቃል ተከራከርን። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ግጥም እንዲህ የሞቀ ክርክር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለተኛዋ ስንኝ ወጣች። በቦታዋ «ምርቴ እጥፍ ሆኖ፣ በዓይኔ የታየ» የምትል ገባች። ቤት ትመታለች። ሌላ ምንም አታደርግም።

በበዓሉ ቀን ሰውየው መድረክ ላይ ወጣና እንደታዘዘው አላት። ፊቱን አየሁት። የእድር ቅጣት የሚከፍል ሰው ፊት ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ።

ቃለ ጉባኤው ላይ እኔም ፈርሜያለሁ። ይህን ሳልናገር ወደ ሌላው ብሄድ ሐሜት ይሆንብኛል።

የጥንት ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ይህን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማ እረኛ ነቢይ ይመስለኝ ነበር። ኋላ እኔም እረኛ ሆኜ አየሁት። ምንም ነቢይነት የለውም። አባትህ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የሚያጉረመርመውን ትሰማለህ። ጠዋት በጎቹን ይዘህ ሜዳ ስትወጣ ሰው የለም፣ ንፋስ ብቻ ነው። የሰማኸውን ትዘፍነዋለህ። ያ ነው። የመንደሩ ጓዳ በልጅ አፍ ሜዳ ላይ ይወጣል። ንጉሡም ሹሞቹ የማይነግሩትን ከዚያ ይለቅማል። ልብ አድርጉልኝ፣ ንጉሡ የጠየቀው ምን እንዳለ ነው። ምን እንዲል እናድርገው አላለም።

አሁን ወደ ለቅሶ ልውሰዳችሁ።

አንዲት ሴት አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው ሥራ ወዳድ፣ ጾም የማይሽሩ፣ ሽምግልና ላይ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። ማታ ማታ ደግሞ ዱላቸው ከባድ ነበር። ቀዬው ይህን ያውቃል። ማንም አያወራውም። «የባልና ሚስት ነገር» ይባልና ይታለፋል። ታመው ጥቂት ሰንብተው ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ ሙሾ አውራጇ ደክሟት ቁጭ ስትል እትዬ ተነሱ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ አይጮኹም። እንዲህ አሉ፦

አንተም ከሞፈሩ፣ እኔም ከወፍጮዬ፣
ዛሬ ገና ዐረፍን፣ አካሌ ጌታዬ።

ሴቶቹ ለመቀበል አፋቸውን ከፈቱና ቆዩ። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የቆዩት። ከዚያ አንዲት ጥርስ የሌላቸው አሮጊት ደረታቸውን መትተው «ዛሬ ገና ዐረፍን» ብለው ደገሙት። ቀጥሎ ድንኳኑ ሙሉ ደገመው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት አራት ጊዜ። ብዙዎቹ ያን ጊዜ ነው የምር ያለቀሱት። ከወንዶቹ ወገን ቀና ያለ ሰው አላየሁም። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። እኔም ጭምር።

«ዛሬ ገና» የምትለዋን ልብ በሏት። «ዛሬ» ብቻ ቢሉ ሐዘን ነው። የትዳሩን ሠላሳ ዓመት የተሸከመችው «ገና» ናት። «ጌታዬ» ደግሞ የፍቅርም የባርነትም ቃል ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

በሰልስቱ ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ ያቺ ግጥም…» ማለት ጀመርኩ።

«ምን አልኩ ልጄ? ዐረፈ ነው ያልኩት። ሰው ሲሞት ዐረፈ አይባልም?»

ይባላል። ምን እላለሁ?

ጥበብ የማኅበረሰብን ድብቅ ሐሳብ ያሳያል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሌ የምነግረው ይህን ነው። ያሳያል። እንደ ነጠላ ነው የሚያሳየው። ሰውየው ለብሷል፣ ግን ታየዋለህ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሙሾዋን ሳስብ እኔን የሚገርመኝ የእትዬ ድፍረት ብቻ አይደለም። ተቀባዮቹ ናቸው። ነገሩ የእትዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንኟ ሜዳ ላይ ትቀር ነበር። አሮጊቷ ባልደገሟት። ድንኳኑ ባልተቀበላት። ያቺ አንዲት ትንፋሽ የቆየች ዝምታ ስንት ቤት ዞራ እንደመጣች አስቡት። እና የሕዝብ ልብ የቱ ጋ ነው ስትሉ፣ አውራጁ ጋ አትፈልጉት። የትኛው ግጥም ላይ ተቀባዩ እንደጮኸ፣ የትኛው ላይ እንደቆየ እዩ። እኛ መድረክ ላይ ያወጣነው የደቦ ዘፈን ተቀባይ ነበረው? ነበረው። ከነልብሱ ተከራይቶ የቆመ።

አሁን ሙሾ እየቀረ ነው። ካህናቱ አይወዱትም። ምክንያትም አላቸው፤ ፊት መንጨትና ደረት መድቃት ከትንሣኤ ተስፋ ጋር አይሄድም ይላሉ። ከተሜውም ያፍርበታል። በቦታው የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ስንቱን እኔ ጽፌዋለሁ። አማርኛ መምህር አይደለሁ? ሌሊት ስልክ ይደወላል። «ቶሎ አንድ ገጽ» ይባላል። «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ሥራ ወዳድ፣ ባለትዳርና የሰባት ልጆች አባት ነበሩ።» ስምና የልጅ ቁጥር እየቀየርኩ ነው የምኖረው። አንድ ጊዜ የድሮውን ገልብጬ ስሰጥ የትውልድ ቀበሌውን ከአንድ ቦታ ቀይሬ ከሌላው ረሳሁት። ሟቹን ሁለት ቦታ አስወለድኳቸው። በማይክራፎን ተነበበ። ማንም ቀና አላለም። ማን ይሰማል?

የእትዬ ባል ከተማ ቢሞቱ ኖሮ የሕይወት ታሪካቸውን ምናልባት እኔው እጽፈው ነበር። «ሰው አክባሪ» እል ነበር። ሚስትየዋ «ባለትዳር» በምትለው ቃል ውስጥ ትቀር ነበር። እንደዚያ ያለው ወረቀትም ቢሆን እኮ ጨርሶ ዲዳ አይደለም። ምን መባል እንደምንወድ ይናገራል። ግን ከሙሾ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አታስቀምጡብኝ።

ይህ የኔ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። የ1977ን ድርቅ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ፈቃደ አዘዘ የሚባሉ የሥነ ጽሑፍ ምሁር እዚሁ ሰሜን ሸዋ ገበሬው ስለዚያ ድርቅ የገጠመውን የቃል ግጥም ለቅመው መጽሐፍ አድርገውታል። በ1998 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በእንግሊዝኛ ታትሟል። ርእሱ ላይ ሦስት ቃላት ተከታትለው ቆመዋል፦ ድርቅ፣ ረሃብ፣ እግዚአብሔር። ሦስተኛው እዚያ ምን ያደርጋል? ገበሬው ሙግት ገጥሞት ነዋ! እስኪ መንዝ ውስጥ አንድ ገበሬ አስቁማችሁ «እግዜር በድሎሃል?» በሉት። አማትቦ ጥሏችሁ ይሄዳል። ግጥም ሲሆን ግን ከሰማይ ጋር ይሟገታል፣ ይለምናል፣ ይወቅሳል፣ ቤት እየመታ። መጠይቅ ይዞ የሄደ ሰው ይህን አያገኝም ነበር። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም» ውስጥ ሙግት አይገባም።

ከሳቸው በፊት አንድ አሜሪካዊ መንዝ ድረስ መጥቶ ነበር። ዶናልድ ሌቪን ይባላል። በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጽሐፍ ስሙም ሰምና ወርቅ ነው። አማራው በሁለት አፍ መናገርን ለቀልድ፣ ሳይከሰሱ ለመሳደብ፣ ምስጢርን ከሰው ለመሸሸግና ሹምን ለመንካት ይጠቀምበታል ይላል። እስቃለሁ ግን ልክ ነው። እኔን ቅር የሚለኝ ቅኔን የሕዝብ ልብ መለኪያ የማድረጉ ልማድ ነው። ልማዱ የሱ ብቻ አይደለም፣ የኛም ነው። ቅኔ ቤት የገባው ስንቱ ነው? ሴት ስትሆንስ? ጎጃም እነ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አፍርቷል፤ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቅኔ በተዘረፈ ማግስት አይደገምም፣ አዲስ ነው የሚፈለገው። የወፍጮ እንጉርጉሮ ግን ከእናት ወደ ልጅ እየተደገመ ነው እዚህ የደረሰው። እትዬ ቅኔ ቤት አልገቡም። «ሰም» ቢሏቸው የሚያውቁት የጧፉን ነው።

አሁን ደግሞ ሁሉንም እንደ ወረደ ማመን አለ። እሱም ያሳስታል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጅ አለኝ። ሠርግ ላይ ሁለት ብርሌ ጠጅ ሲል ይነሳና ይፎክራል። ገደልኩ ይላል። ጣልኩ ይላል። ምንሽሬ ይላል። ዶሮ እንኳ የሚያርድለት ጎረቤቱ ነው። እንግዲህ አንድ ተመራማሪ ይህን ቀድቶ «ያካባቢው ሰው ደም የጠማው ነው» ብሎ ቢጽፍ ምን እንላለን? ፉከራ ያደረጉትን አይናገርም። መሆን የሚፈልጉትን ነው የሚናገረው። ወዳጄ ቀኑን ሙሉ የሰው ወገብ ሲለካ ይውላል። ማታ እሱ ራሱ እንዲለካ ይፈልጋል። ሠርገኛው ደግሞ የቱ ላይ እንደሚያብድ ታውቃላችሁ? ጠላት የሚለው ላይ አይደለም። መሬት የሚለው ስንኝ ላይ ነው ድንኳኑ የሚነቃነቀው። እዚያ ጋ እኔም ሳላስበው ተነስቼ አውቃለሁ። ወላጆቼ የተዉልኝ ጥማድ የማትሞላ ቁራሽ ናት።

ደግሞ ወርቅ የሌለው ሰምም አለ። አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ከበግ ጸጉር ስለሚሠራው የመንዝ ዝተት ጽሑፍ አዘጋጅ ተባልኩ። ጥቁሩ ሐዘን፣ ነጩ ደስታ ነው፣ የሕይወት ፍልስፍና ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር እንድጽፍ ነው የተፈለገው። ዝተት የሚሠሩ አንድ አባት ጠየቅሁ።

«በጉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ነው» አሉኝ።

ስዕል ላይ ግን ተጠንቅቃችሁ እዩ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሱ ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይን አለው። ክፉው በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይን ብቻ። የዐድዋ ሥዕሎችንም ብታዩ እንደዚያ ነው፤ የኛ ሰው በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኑ በአንድ። ሥር የሰደደ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል «የትምህርት ቤታችሁን ሕይወት ሣሉ» ብዬ ነበር። አንዱ ልጅ ዩኒት ሊደሩን በጎን፣ ባንድ ዓይን ሥሎት መጣ። ሌላውን ሰው ሁሉ በሁለት። ማንም አላስተማረውም። «ለምን እንዲህ ሣልከው?» አልኩት። «እንዲህ ነው የሚታየኝ» አለ። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አሰብኩና ልጁን ፈራሁለት። ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እዚሁ ደብረ ብርሃን ከጠባሴ ወደ መናኸሪያ በባጃጅ ስትሄዱም ከሹፌሩ ራስ በላይ የተለጠፈውን አንብቡ። የእናት ፍቅር፣ የእግዚአብሔር ቸርነት፣ ከዚያ ምቀኛ፣ ምቀኛ፣ ምቀኛ። ቤት ለቤት ዞራችሁ «ጎረቤትህን ትፈራለህ?» ብትሉ ሁሉም «ኧረ ሰላም ነን» ይላል።

እንግዲህ ግጥምን የፈሩ ሰዎች ጉልበቱ ከኛ በላይ ገብቷቸዋል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ግራዚያኒ እያስለቀመ ካስገደላቸው ሰዎች ውስጥ ባሕታውያን፣ ጠንቋዮችና አዝማሪዎች ነበሩ። ጠመንጃ የያዘው አርበኛ በየገደሉ እያለ ማሲንቆ የያዘውን ምን አስፈራው? አዝማሪ ከገበያ ገበያ ይሄዳል። አንዱ ቀዬ ውስጥ በሹክሹክታ የተባለውን ሌላው ቀዬ ላይ በዜማ ይለዋል። ሰዉ ብቻውን የሚያስበው የመሰለውን ነገር ሌላውም እንደሚያስበው ይሰማል። የፈሩት ይህን ነው።

እኛ የያዝነው እርሳስና ላጲስ ነው። ማንንም አልገደልንም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በየመድረኩ «የኅሩይ ወልደ ሥላሴ አገር፣ የአፈወርቅ ተክሌ አገር» እንላለን። እውነት ነው፤ ኅሩይ የመርሐቤቴ ልጅ ናቸው፣ አፈወርቅም አንኮበር ነው የተወለደው። የኅሩይን አንድ ዓረፍተ ነገር ላርም የሚል ሰው ከኮሚቴው ቢነሳ በሳቅ እንገለዋለን። የአፈወርቅን ሥዕል በቀለም የሚነካ ቢገኝ ይታሰራል። የደቦ አውራጁን ግን ከምሳ በኋላ፣ ለማወራረጃ ይሆናል ብለን አረምነው።

አሁን የራሴን ከባዱን ጥፋት ልናገር።

ከለቅሶው ብዙም ሳይቆይ ከተማ ውስጥ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ነበር። ስለ ሙሾ ተናገር ተባልኩ። የእትዬን ግጥም ይዤ ወጣሁ። ቀዬውን ጠራሁ። ሰሙን አልኩ፣ ወርቁን አወጣሁ፣ «ዛሬ ገና» ላይ ደቂቃ ሙሉ ቆየሁ። ዱላውን ሳይቀር ተናገርኩ። ጭብጨባው ጥሩ ነበር። ሁለት ወጣቶች አብረውኝ ፎቶ ተነሱ።

አዳራሹ ውስጥ ያገሩ ሰው ነበር። ወሬው በገበያ ቀን ቀዬው ደረሰ። የሟቹ ወንድሞች «ወንድማችንን በሬሳው ላይ ሰደበች» ብለው መጡ። ነገሩ ስድብ ብቻ እንዳልነበረ የገጠር ሰው ይገባዋል። የእርሻ መሬቱ ነገር አብሮ ተነሳ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተቀመጠ። እትዬ «ዐረፈ ነው ያልኩት» ብለው ማሉ። መሬቱ ቀረላቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ለቅሶ ላይ አፋቸውን አይከፍቱም አሉኝ። ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጠው ይቀበላሉ እንጂ አያወርዱም።

ኮሚቴው ስንኟን ፋቀ፣ እኔ አፈረጥኳት። የቱ ይብሳል ብትሉኝ አላውቅም። የደቦው ሰውዬ ቢያንስ ቤቱ ሲገባ የራሱን ግጥም መልሶ ሊዘፍን ይችላል።

ስለዚህ ነው የምጽፍላችሁ። ግጥም ሰብስቡ ማለቴ አይቀርም፤ ሰብስቡ። ሙሾ አውራጆቹ እያረጁ ነው። ወፍጮ ቤት ከመጣ ወዲህ የድንጋይ ወፍጮ ያየ ልጅ የለም፣ እንጉርጉሮውም አብሮ ሄዷል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከየወረዳው የመጡ ልጆች አሉ፤ ክረምት ቤታቸው ሲገቡ የአያታቸውን አንድ አንድ ግጥም ቢይዙ ብዙ ነው። ብቻ ውድድር አታድርጉት። ዋንጫ ያለበት ቦታ ሰው ዳኛ የሚወደውን ይዘፍናል፤ እኔ ዳኛ ሆኜ አይቸዋለሁ። ደቦ ካለበት ሂዱ፣ አብራችሁ እጨዱ፣ ጠላውን ጠጡ። ግጥሙን ስትጽፉ የት ላይ እንደተሳቀ፣ የት ላይ ዝም እንደተባለ አብራችሁ ጻፉ። «አሻሚ ቃል» ስታገኙ እባካችሁ አትፍቱት። እንዳለ ይቀመጥ።

ስሙን በተመለከተ፣ «ስሜ ይጻፍ» ያለ ይጻፍለት። ሌላውን ቅጽ ሙሉ ብላችሁ አታስጨንቁት። እኔ ያየሁት ቅጽ ላይ ሙሉ ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ ቁጥር የሚል አለ። እረኛ ምን አለ ብሎ መጠየቅና እረኛው የት ነው ያለው ብሎ መጠየቅ ሩቅ ለሩቅ ናቸው። አንዳንዱ ግጥም ሠላሳ ዓመት ሣጥን ውስጥ ቢቆይ ምን አለበት? ሰዎቹ ሲያልፉ ይከፈታል። አሁን ያለንበት ጊዜ ሰው ብዙ የማይናገርበት ነው። ይቺን አላፍታታም።

ባለፈው ጥር አንድ ኪሎ ቡና ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ይቅርታ ለማለት ነው። ያሰብኩትን ንግግር በሩ ላይ ረሳሁት። «ግባ፣ ብርድ ነው» አሉኝ። ቡናውን ራሳቸው ቆሉት። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ እንደሆነ፣ ግጥማቸውም እንደምትገባ ነገርኳቸው።

ምጣዱን ሳያስቀምጡ ትንሽ አሰቡ። «ጻፋት። ሰዎቹም አሁን ረስተውታል። ቀዬውን አትጥራ እንጂ።»

አልጠራሁም። ከመንዝ ይሁን ከይፋት አትጠይቁኝ፣ ያገሩን ሰውም አታስጠይቁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ።

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ጎረቤታቸው ገባች። እትዬ ስኒውን እያቀበሉኝ፣ እኔን ሳያዩ፣ ቀስ ብለው አንድ ግጥም አሉ። ስለ እኔ ነው መሰለኝ። ጎረቤትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስትስቅ ቡናው ተደፋባት። ደብተሬ ከደረት ኪሴ ነበር። አላወጣሁትም።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ የአማርኛ መምህር
ደብረ ብርሃን